ጀርባዬን ሰጥቼ የተመረጥኩ ዕለት

ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልገፋሁበትም። ስለዚህ ብሳሳት እለፉኝ። ይህን የምጽፍላችሁ የገባኝን ነገር ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው ያልገባኝ አንድ ቀን አለ። ምናልባት ከእናንተ መሃል ነገሩ የሚገለጥለት ሰው ይኖራል ብዬ ነው።

አገሬ ሽሽግ አምባ ይባላል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ በስተግራ ተገንጥሎ የቆመ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አምባ ነው። ዙሪያውን ገደል ነው። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ «አንገት» እንለዋለን። አንዲት አህያ ጭነት ይዛ ስታልፍ ሌላዋ ቆማ ትጠብቃለች፣ ያን ያህል ቀጭን ነው። ክረምት ሲገባ በግራም በቀኝም ወንዙ ይሞላል፣ አንገቱ ይናዳል፣ ጉሙ ይወርዳል፣ እኛም ከሐምሌ እስከ መስከረም ከሰው ተለይተን እንከርማለን። ደብረ ብርሃን ሄደው የተማሩት ልጆቻችን ለዚህ ነው ቦታውን «ደሴት» ያሉት። የጎጡን ሊቀመንበር ደግሞ «የደሴቱ ከንቲባ» ይሉታል። ሲያሾፉ ነው። ሠላሳ አንድ ቤት ምን ከንቲባ ያስፈልገዋል።

ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ገብስ አርሳለሁ፣ ጥቂት በጎች አሉኝ። ስሜ ደምሴ ነው፤ ከኋላዬ ግን «አባ እምቢ» ይሉኛል። አውቃለሁ። አልከፋኝም፤ እምቢ ማለት የሚገባኝን ነገር እምቢ ብዬ ነው የኖርኩት።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከወረዳ ሰዎች መጡና፣ «ታች መንገድ ዳር ቦታ እንሰጣችኋለን፤ ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ መብራት አለ፤ ከዚህ ገደል ውረዱ» አሉን። በግድ አይደለም፤ ጎጡ ተማክሮ ይወርድ እንደሆነ፣ አይወርድ እንደሆነ ሊቀመንበሩ ፈርሞ ይላክ ተባለ። ሊቀመንበራችን ደግሞ ሞቶ ነበር። ስለዚህ አዲስ ይመረጥ ሲባል፣ ምርጫው የሰው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የመውረድና ያለመውረድ ሆነ። ታደለ የሚባል አርባ ዓመት የሆነው በግ ነጋዴ «እንውረድ» ብሎ ቀረበ። እኔ «አንወርድም» ብዬ ቀረብኩ። አባቴም አያቴም የተቀበሩት እዚያ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

የምርጫው ዕለት ሰኞ ነበር። ጠዋት ጋቢዬን ስደርብ ባለቤቴን አስካለን፣

«መቼም ትመርጪኛለሽ» አልኳት።

«ድምፅ ምስጢር ነው ተብሏል።»

«ቆሞ የሚሰጥ ድምፅ ምን ምስጢር አለው?»

«እጩ ጀርባውን ይሰጣል ተብሏል። ላንተ ምስጢር ነው» አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። አስካለ ጉልበቷን ያማታል። አንገቱን በወጣች በወረደች ቁጥር ሦስት ቀን ትተኛለች። ይህንን እያወቅኩ ነው «አንወርድም» ያልኩት፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ሰዉ የተሰበሰበው ገደሉ ጫፍ ካለው አውድማ ላይ ነው። ስልሳ ሁለት ሆነን በየድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ምርጫውን የምታስፈጽመው ከወረዳ የመጣች ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት፤ ከደቡብ ተመድባ የመጣች፣ ሰው አክባሪ ልጅ። መዝገቧን ጭኗ ላይ ዘርግታ አሠራሩን ነገረችን።

«ሁለታችሁም እጩዎች ወደ ገደሉ ዞራችሁ ጀርባችሁን ትሰጣላችሁ፤ ሰው እንዳይተፋፈር ነው። እኔ ስም ስጠራ የሚመርጥ ይነሳል፤ እቆጥራለሁ። ከዚያ ይቀመጣል።»

ዕጣ ሲወጣ ቀድሞ የሚጠራው የእኔ ስም ሆነ። እኔና ታደለ ጎን ለጎን ገደሉን ትይዩ ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ይመችዎታል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አያቴን ተመችቶታል።»

«ታች እኮ ወንበር አለ።»

«አንተም በግ ስትሸጥ እንደዚህ ነው የምታሳምነው?»

«በጉን ማሳመን ቀላል ነው ጋሼ፤ እሱ ይወርዳል።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከኋላችን ትዕግሥት ጮክ ብላ፣ «አቶ ደምሴን የምትመርጡ ተነሱ» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ምክንያቱም የጠፋብኝ እዚህ ላይ ነው።

ጸጥ አለ። ከበታቼ አንዲት ጭልፊት ታንዣብባለች። አምባ ላይ ሆኖ ወፍ የሚያይ ሰው ጀርባዋን ነው የሚያየው፤ እኔም ጀርባዋን አያለሁ። አንድ ዙር ዞረች። ከኋላዬ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሁለተኛ ዙር ዞረች። ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቴ ጋለ። በውስጤ፣ «ደምሴ፣ አንድ ሰው እንኳ የለህም፤ ሚስትህም የለችህም» አልኩ። ገደሉ ፊቴ ነው፤ ዞሬ ላይ አልችል፣ ተነስቼ ልሄድ አልችል።

ሦስተኛ ዙር ስትዞር አንዲት ትንሽ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የሰማሁ መሰለኝ ነው የምላችሁ። ከዚያ ወዲያው ጠቅላላው አውድማ ተነሳ። ዱላ ድንጋይ ሲመታ፣ ነጠላ ሲራገፍ፣ ስልሳ ሰው አንድ ላይ ሲቆም የሚሰማውን አውቃለሁ። ደረቴ ሞላ። እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም።

ቀጥሎ ግን፣ «ኖር፤ ኖር» ሲሉ ሰማሁ።

«በእግዜር፤ ተቀመጡ ልጆቼ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መለሰ።

መሪጌታ ወልደ ሐና ናቸው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ የቆየ፣ የካቡን ድንጋይ በዱላቸው እየዳሰሱ ብቻቸውን የሚመጡ የድጓ መምህር ናቸው። አርፍደው መግባታቸው ነው። ለሳቸው የማይነሳ ሰው በአምባው የለም። እኔም ሳላውቀው ተነስቼ ዞሬያለሁ። ታደለም ቆሟል። ሁላችንም ቆመናል።

ትዕግሥት መዝገቧ ላይ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር። ቀና ስትል ያየችው የቆመ ሕዝብ ነው። በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች ቆጠረችን።

«ስልሳ ሁለት» አለች። «ሁላችሁም። ተፎካካሪያቸው እንኳ ቆመዋል። ራሳቸው አቶ ደምሴም ቆመዋል።» ሳቀች። «እንግዲህ ለአቶ ታደለ መቁጠር አያስፈልግም። ጉሙ ሳይዘጋኝ ብወርድ ይሻላል።»

ሀብቴ የሚባለው ንብ አናቢው ጎረቤቴ፣ «የለም እመቤቴ፣ ይሄ እኮ…» ብሎ ጀመረ። ወደ እኔ አየ። ወደ መሪጌታ አየ። አፉን ዘጋ።

«ምን ቆማችሁ ቀራችሁ?» አሉ መሪጌታ።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። እጄ ላይ የጎጡ መዝገብና አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ የሠላሳ አንዱን ቤት ስም ይዞ ከግርጌው «ይወርዳል፣ አይወርድም» ይላል። እስከ ሐሙስ ፈርሜ እንዳደርስ ተነገረኝ።

እናንተ፣ «ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ራሳችሁን እዚያ አቁሙ። «የተነሳሁት ለደምሴ አይደለም» ብሎ ፊቴ ላይ ማን ይናገር? «የተነሳሁት ለደምሴ ነው» የሚለውስ፣ መሪጌታን ቁጭ ብዬ ልቀበላቸው ነበር ማለቱ አይደለም? በየትም በኩል ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ። ዝም ሲሉ እኔ ተመረጥኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አስካለ ከኋላዬ ቀስ እያለች ትከተላለች። ቆሜ ጠበቅኳት።

«ለማን ነው የተነሳሽው?»

«ለመሪጌታ።»

«ለእኔስ?»

«ሰው ሲገባ ቁጭ ልበል?»

ከዚህ ሌላ አልወጣትም። ማክሰኞ ጠዋት መዝገቡን ብብቴ ሥር አድርጌ ቤት ለቤት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሀብቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ቀፎ እየጠገነ ነበር።

«ሀብቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ትናንት ተነስተህልኛል?»

«ተነሳሁ እኮ።»

«ለማን?»

«አላየኸኝም?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ።»

«እንግዲህ ቆሜ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ፣ ልዝለል?»

ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ፋንታዬ ደግሞ ገና ከደጅ ስታየኝ፣ «እንኳን ደስ ያለህ ሊቀመንበር» አለችኝ።

«ለእኔ ነው የተነሳሽው?»

«ደስ አለኝ።»

«መነሳትሽን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ደስ አለኝ አልኩህ እኮ፤ ደስታዬ አይበቃህም?»

አስራ አራት ቤት ዞርኩ። አስራ አራቱም መርቀው ሸኙኝ፤ አንዱም አልመለሰልኝም። በመጨረሻ ታደለ ቤት ገባሁ። እሱ እንኳ ተቀናቃኜ ነው፣ አይደብቀኝም ብዬ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የተነሳሁት ለመሪጌታ ነው» አለኝ። «ሌላው ግን ለእርስዎ ይሁን ለሳቸው አላውቅም። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። እርስዎ የሰሙትን ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምርጫው ሲወሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«መሪጌታ ቆመው፣ እርስዎ እንባ ባይንዎ ሞልቶ፣ ‹ለእኚህ አይደለም ለእኚያ ነው› ልበል? ከዚያ ታች ወርጄ ወንበር ላይ ብቀመጥ ይመቸኛል?»

ይህን ሲለኝ አፈርኩ። ከሱ እኔ ልጅ ሆኜ ተገኘሁ።

ከታደለ ቤት ወጥቼ ስልክ ወደሚይዝበት ቋጥኝ ወጣሁና ለትዕግሥት ደወልኩ።

«ልጄ፣ እኔ የተመረጥኩ አይመስለኝም።»

«እንዴት አባባ? ስልሳ ሁለት ለዜሮ እኮ ነው።»

«‹ኖር› ሲሉ አልሰማሽም? ሰው ሲመጣ ነው የሚባለው።»

«ሰምቻለሁ። ለእርስዎ መስሎኝ ነው፤ ሲያከብሩዎት። የምርጫው መዝገብ ገብቷል አባባ። ይድገም ካላችሁ ደግሞ ሕዝቡ አቤቱታ ያቅርብ።»

ሕዝቡ አቤቱታ ያቅርብ። ፊቴ ላይ አንዲት ቃል ያቃተው ሕዝብ።

ረቡዕ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ዓይን ባይኖራቸውም ጆሯቸው የአምባው ሁሉ ጆሮ ነው። ማን እንደመጣ በኮቴው ይለያሉ።

«መሪጌታ፣ ሰኞ አውድማው ሲደርሱ ሰዉ ቆሞ ነው የጠበቀዎት ወይስ ሲያይዎት ተነሳ?»

«ካቡ ጋ ስደርስ ጸጥታ ነበር። ስብሰባ አለ ስለተባለ፣ ‹ሰዉ ተበትኖ ይሆን› ብዬ ቆምኩ። ዱላዬም ድንጋይ አልነካ፣ አልሳልኩም። ያኔ አንድ ሰው ተነሳ።»

«አንድ?»

«አንድ። ጉልበቱ ቋ ብሏል። ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ከዚያ ‹ኖር› አላችሁኝ።»

በአምባው ላይ ጉልበቱ ቋ የሚል ሰው እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ቤት እስክደርስ መንገዱን አላየሁትም። አስካለ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ቀድመሽ የተነሳሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ጉልበትሽ።»

ምስሩን ትለቅማለች። «መሪጌታን ከሩቅ ነው ያየኋቸው፤ ፊቴ ወደ ካቡ ነበር። ጉልበቴ እስኪታዘዝልኝ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ሰው ሲነሳ አብሬ ልነሳ ብዬ ቀድሜ ጀመርኩ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።» ጠጠሩን ወረወረችው። «ደግሞ ያን ጊዜ ጀርባህን አየሁት። ትንሽ ሆነህ ታየኸኝ።»

አሁን ይህ ምንድን ነው? ለመሪጌታ ነው? ለእኔ ነው? ያዘነችልኝ ነው? ሌላውስ ሰው የተነሳው መሪጌታን አይቶ ነው፣ ወይስ አስካለን አይቶ? ብትፈልጉ አንዱን ምረጡ፤ እኔ አንዱንም አልያዝኩም።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ቅጹን ፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። «አይወርድም» ብዬ ልፈርም እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ይወርዳል» ብዬም አልችል፤ ለዚያ አልተመረጥኩም፣ ከተመረጥኩ። እዚያው ሳለሁ አንድ ነገር ታየኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስዞር የጠየቅኩት ስለ እኔ ነው። ወደድከኝ፣ ተነሳህልኝ፣ መረጥከኝ። ሰው ይህን ፊት ለፊት ምን ብሎ ይመልስ? ተነሳሁና እንደገና ከመጀመሪያው ቤት ጀመርኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ።

«ሀብቴ፣ የሚመጣውን ክረምት የት ነው የምትከርመው?»

«ታች» አለኝ። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ፋንታዬስ?»

«ታች። ልጄ ከተማ ገብታ ትማርልኝ።»

«ታች።» «ታች።» «እዚሁ።» «ታች፣ መንገዱ ከያዘልን።» «እኔ የትም አልሄድም፤ የሀብቴን ንብ እጠብቅለታለሁ።» ሠላሳ ቤት ከፀሐይ መውጫ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀ። ማንም አልተግደረደረም፣ ማንም መርቆ አልሸኘኝም። ሃያ ሁለቱ ታች፣ ስምንቱ ላይ። ከየስሙ አጠገብ በራሴ እጅ ጻፍኩት፤ «ታ» እና «ላ» ብቻ፣ ረጅሙን እንዳላበላሽ።

መጨረሻ ቤቴ ደረስኩ።

«አስካለ፣ የሚመጣውን ክረምት የት ነው የምትከርሚው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከአርባ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር እንዲህ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም የገረማት መሰለኝ።

«ታች» አለች። «አንተስ?»

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወረዳ ደረስኩ። ትዕግሥት ቅጹን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችው።

«አባባ፣ እኛ የጠየቅነው አንድ መልስ ነው። ይሄ ሠላሳ መልስ ነው።»

«ያለን እሱ ነው።»

«አለቆቼን አነጋግራለሁ እሺ። ግን አንዱ ቤት ባዶ ነው። የማን ነው?»

«የኔ።»

እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ብዙ ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። አባቴ የተቀበረበትን አሰብኩ። ገደሉ ጫፍ ስቀመጥ ከኋላ ሲያዩኝ ምን እንደምመስል አሰብኩ።

«‹ታች› ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ስሙን ግን ሰርዢና በባለቤቴ አድርጊው። ያለችው እሷ ናት።»

እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው። አለቆቿ ተቀበሉት፤ የፈለገ ወረደ፣ ያልፈለገ ቀረ። አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ሰውን ስለ ራሱ ጠይቁት እንጂ ስለ እናንተ አትጠይቁት የሚለውን እላለሁ። እሱንም ቢሆን እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሀብቴ ታች ሱቅ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ምንም ሳልጠይቀው፣ «ያን ቀን እኮ የተነሳሁት ላንተ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ‹ታች› ያልከኝስ?»

«መውረድም እፈልጋለሁ። ላንተ መነሳትና መውረድ ምን አገናኛቸው?»

እንዲህ ሲለኝ የቀረችኝን ጥቂት ማስተዋል ይዞብኝ ሄደ። መርጦኝ ነበር ማለት ነው፤ የምለውን ሳይሆን እኔን። እንዲህ ያለ ምርጫ ምን ይባላል? የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

በወረዳው መዝገብ እስከ ዛሬ ሊቀመንበር ነኝ፤ የስምንት ቤት ከንቲባ። መንገድ ዳር ያለው ቤት ካርታው በአስካለ ስም ነው፤ ጉልበቷ ተሽሏታል። ገብሴን ግን ላይ ነው የማርሰው፤ በሳምንት ሁለት ቀን እወጣለሁ። አንገቱን አልፌ ስደርስ የአምባው ሰዎች፣ «መጣህ?» ይሉኛል። ማታ ታች ስወርድ አስካለ ከበሩ ላይ፣ «መጣህ?» ትለኛለች። ለሁለቱም፣ «አዎ፣ መጣሁ» እላለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቴን ነው።